በጉሮሮ መቅናት

ሂባቅ የትምህርት ቤቱ ሜዳ መሀል ቆማ ግጥሙን ስታወርደው አንድም «በ» አልሳተችም።

«በርበራ በባሕሯ በር፣ በጋው ሲበረታ፣
በረት ባዶ ቢቀር፣ ብቻዋን በርትታ...»

እያንዳንዱ «በ» ከከንፈሮቿ መሀል ተፈናጥሮ ይወጣና ከግንቡ ጋር ይላተማል። ፊልሳን ግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ከንፈሯን አብራ ታንቀሳቅሳለች። ግጥሙ የእሷ ነው። ደንቡ ነውና ሂባቅ ከመጀመሯ በፊት «ይህን የገጠመችው ፊልሳን ናት» ብላለች። ብላለች፤ ግን ማን ሰማት? ሁሉም የሚያየው የምትናገረዋን አፍ ነው።

«ራዲዮ! ራዲዮ!» ብለው ጮሁ ከኋላ የተኮለኮሉት ወንዶች።

«ፋሩር፣ አንቺ ደግሞ በይውና በአፍንጫ እንስማው!» አለ አንዱ። መምህር ዋርሳሜ ጠመኔ ወረወረበት፤ ሳቁ ግን ቀጠለ።

ሐርጌሳ ሰውን በሚታየው ነገር ትጠራለች። አንካሳውን አንካሳ፣ ረጅሙን ረጅም፣ አንድ ዓይናውን አንድ ዓይና ይሉታል፤ ባለቤቱም ስልክ ሲያነሳ ራሱን የሚያስተዋውቀው በዚያው ስም ነው። ፊልሳንና ሂባቅ ከንፈራቸውም ላንቃቸውም ተሰንጥቆ ስለተወለዱ ሁለቱም «ፋሩር» ነበሩ፤ ስንጥቋ ማለት ነው። ረጅሟ ፋሩርና አጭሯ ፋሩር። ስሙ ያን ያህል አይከብድም ነበር። ለሁለት ሲሸከሙት እንዲያውም ያስቃቸው ነበር። አሁን ግን ረጅሟ ፋሩር ራዲዮ ሆናለች። አጭሯም «አጭሯ» መባሏ ቀርቷል። አንድ ብቻ ከሆነች ምን መለያ ያስፈልጋታል?

«ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ እንደዚሁ ካልሽው ዋንጫው የኛ ነው» አለ መምህር ዋርሳሜ። «ፊልሳን፣ አንቺም ጎበዝ። በ«በ» ትገጥሚያለሽ ብዬ አስቤ አላውቅም።»

እሷም አስባ አታውቅም ነበር። ግጥም ሲገጠም አንድ ድምፅ ይመረጣል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስንኝ በዚያ ድምፅ የሚጀምር ቃል መግባት አለበት። ፊልሳን ሁልጊዜ የምትመርጠው «መ»ን ወይም «ነ»ን ነበር። ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግራ አታውቅም። «መ»ና «ነ» በማንም ሰው አፍንጫ ነው የሚወጡት፤ እሷም እንደማንም ሰው ትላቸዋለች። «በ» እና «ከ» እና «ሸ» ላይ ስትደርስ ግን ትንፋሿ ላንቃዋ ጋ አምልጦ ወደ አፍንጫዋ ይሾልካል፤ ቃሉ ሳይበስል እንደወጣ ዳቦ ይሆናል። ሂባቅ ናት ለውድድሩ «በ» ይሁን ያለችው። «በናትሽ አባዮ፣ እህቴ አይደለሽ? አዲሱን አፌን ላሳያቸው።» ፊልሳንም ራሷ ልትለው የማትችለውን ግጥም ገጠመችላት። እስከ ዛሬ ከገጠመቻቸው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ሆነ። የሚያበግናትም ይኸው ነው።

ሂባቅ መጥታ አጠገቧ ዘፍ አለች። «እንዴት ነበር?»

«ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቸኩለሻል።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ደህና ነው።»

ደህና ብቻ አልነበረም። ሂባቅ ተጨማሪ እንድትላት ትንሽ ጠበቀች። ቀጣዩ ልጅ ግጥሙን ሲጀምር ጭንቅላቷ ወደ ግንቡ ዘመመ፤ የሜዳው ሙቀት ፊቷን እየመታት፣ አቧራው አፏ ውስጥ እየገባ፣ እንቅልፍ ወሰዳት። ሰሞኑን እንዲህ ሆናለች። በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ትተኛለች። ባጃጅ ውስጥ ትተኛለች። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣች ተኝታ ብርጭቆው ከእጇ ወድቋል።

ፊልሳን አፏን ከፍታ የተኛችውን ጓደኛዋን አየቻት። ተኝታም ታምራለች ብላ አሰበችና በራሷ ተናደደች።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ራጅ ሲነሱ ነው። ዶክተር ኢድሪስ ሁለቱን የጎን ራጆች መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ለጠፋቸው። ሁለት የራስ ቅል፣ ሁለት አንገት። ከምላሱ ጀርባ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጥቁር መስመር አለ።

«ጥቁሩ አየር ነው» አላቸው በጣቱ እየተከተለ። «የትንፋሻችሁ መንገድ። ሂባቅ ጋ እዩት፣ ሰፊ ነው። ፊልሳን ጋ ግን ይኸው፣ እዚህ ላይ ይጠባል። የላይ መንጋጋሽ ወደ ኋላ ገባ ስላለ ነው። እንደናንተ የተወለዱ ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ አያለሁ።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለች ፊልሳን።

«ከጉሮሮሽ የኋላ ግድግዳ ሥጋ አንስቼ ከላንቃሽ ጋር አገናኘዋለሁ፤ እንደ ድልድይ። በግራና በቀኝ ለትንፋሽ ቀዳዳ ይተዋል። አየሩ ወደ አፍንጫ መሾለኩን ያቆምና ንግግርሽ ይጠራል። ግን መንገዱ ቀድሞውኑ ከጠበበ፣ ድልድዩ ሲጨመርበት በተኛሽ ቁጥር ትታፈኛለሽ። ዕድገትሽን እስክትጨርሺ እንጠብቅ።»

«እስከ መቼ?»

«ሁለት፣ ሦስት ዓመት።»

ሂባቅ በሳምንቱ ቀዶ ጥገና ገባች። ስትወጣ ሁለት ሳምንት ሾርባ ጠጣች፤ ከዚያ «ባባ» አለች፣ ከዚያ «ከበደኝ» አለች፣ ከዚያ ራዲዮ ሆነች። በሰው ፀጉር የሚቀና አለ፤ በሰው ጫማ የሚቀና አለ። ፊልሳን በሰው ጉሮሮ ቀናች። ይሄ ለማንም የሚነገር ዓይነት ቅናት አልነበረም። እናቷ ብትሰማ ኖሮ ለአንድ ወር የቤቱ ቀልድ ታደርገው ነበር።

ከልምምዱ በኋላ ምሳ የበሉት እነ ሂባቅ ቤት ነው፤ ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ከላዩ ሙዝ። ከምሳ በኋላ መላው ሐርጌሳ ይተኛል። ሱቁ ይዘጋል፣ ፍየሎቹ እንኳ መኪና ሥር ገብተው ይጋደማሉ። የሂባቅ እናት ትንንሾቹን ይዛ ወደ ሌላው ክፍል ገባች፤ ሁለቱ ልጆች ደግሞ እንደ ልማዳቸው ሰሌኑ ላይ ተጋደሙ። ፊልሳን ስልኳን መነካካት ጀመረች። ሂባቅ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረች።

ማንኮራፋቱ አዲስ አይደለም፤ ፊልሳን ከዚህ በፊትም ትራስ ወርውራባታለች። ዛሬ ግን መሀል ላይ ቀጥ አለ። ተገላገልኩ ብላ ስልኳን መነካካት ቀጠለች። ዝምታው ረዘመ። ቀና ስትል የሂባቅ ሆድ ይወጣል፣ ይገባል፣ ይታገላል፤ ከአፏም ከአፍንጫዋም ግን ምንም አይሰማም። በሩ ተቆልፎበት ከውስጥ የሚገፋ ሰው ይመስላል። ከንፈሯ ዙሪያ ገረጣ።

«ሂባቅ! ናያ፣ አንቺ ሂባቅ!»

ያን ጊዜ ሂባቅ ከውኃ ውስጥ ተጎትታ እንደወጣች ሁሉ አየሩን በኃይል ሳበችው። አልነቃችም። ተገላብጣ እንደገና ማንኮራፋት ጀመረች። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቀጥ አለ።

ፊልሳን ትከሻዋን ይዛ ናጠቻት። «ተነሺ! እየተነፈስሽ አይደለም!»

«አቦ አትነጅሽኝ፣ ተኝቼ ነበር እኮ።» ሂባቅ ዓይኗን ሳትገልጥ ግንባሯን ያዘች። «ራሴን።»

በተኛሽ ቁጥር ትታፈኛለሽ። ዶክተሩ ይህን ያለው ለፊልሳን ነበር። ሰፊ የተባለው ጉሮሮ፣ ዓመት ሙሉ ያንገበገባት ጉሮሮ፣ ጠብቧል። ይህን ስታስብ መጀመሪያ የመጣባት ፍርሃት አልነበረም። ለአፍታ፣ ዓይን ጨፍኖ መክፈትን ለምታህል አፍታ፣ ደስ አላት። ፍርሃቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከፍርሃቱ ጋርም ሌላ ነገር፣ ራሷን ለማየት አለመፈለግ።

ድምፁ የቀሰቀሳት የሂባቅ እናት በሩ ላይ ቆመች። ሰዓዶ ሰፊ ሴት ናት፤ እንደ አገሩ እናቶች ሁሉ የራሷንም የሰውንም ልጅ «ሆዮ» ትላለች፣ እናቴ እንደማለት፤ የሰው ልጆችም እሷን «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ ይሏታል።

«ምን ሆናችሁ ሆዮ?»

«ኤዶ ሰዓዶ፣ ስትተኛ ትንፋሿ ይቆማል» አለች ፊልሳን።

«አውቃለሁ።» ሰዓዶ ገብታ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ዓይን ነው። የሰው ዓይን በልቷታል። ድምፅዋ ካማረ ወዲህ ጠዋት ራሴን ትላለች፣ ቀን እንደ አሮጊት ትተኛለች። ሼኩ መጥተው ቁርአን ቀርተውላታል። ትንሽ ሻል ብሏት ነበር።»

«እማዬ፣ ተይ በቃ» አለች ሂባቅ።

ሰዓዶ አልተወችም። ፊልሳንን ትክ ብላ አየቻት፤ ክፋት ያለበት አስተያየት አልነበረም፣ ይሄ ነው ይበልጥ የከበደው። «አንቺ እህቷ ነሽ። ከልጅነታችሁ አብራችሁ ናችሁ። ድምፅዋን የሰማ ሁሉ ዓይን እንዳይበላት ማሻአላህ ብሎላታል። አንቺ ስትዪ ግን ሰምቼ አላውቅም ሆዮ። እስቲ በይላት።»

አየር ማራገቢያው ይዞራል። ሂባቅ ምንጣፉን ታያለች።

«ማሻአላህ» አለች ፊልሳን። «ሻ» በአፍንጫዋ ሾለከች።

«አሚን። ተባረኪ።» ሰዓዶ የፊልሳንን ጉልበት መታ መታ አድርጋ ሻይ ልትጥድ ወጣች።

ፊልሳን ድልድዩን የሠራው ዶክተር ኢድሪስ መሆኑን ታውቃለች። ሥጋን የሚያጠብ ዓይን እንደሌላትም ታውቃለች። ያም ሆኖ ፊቷ ነደደ። ሰዓዶ በምክንያቱ ተሳስታለች፤ በፊልሳን ግን አልተሳሳተችም። ለነገሩ ማሻአላህን ዓመቱን ሙሉ ሳትላት የቀረችው ረስታው አልነበረም።

ሂባቅ እስከ መንገዱ ሸኘቻት። ባጃጅ እስኪመጣ በተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ቆሙ።

«ረቡዕ ዶክተር ኢድሪስ ጋ ቀጠሮ አለኝ» አለች ሂባቅ። «ስለ እንቅልፍ ይጠይቃሉ። የሚተኛ ሰው ራሱን አያይም፣ ስለዚህ አብሮት የሚተኛውን ነው የሚጠይቁት። እማዬ ከሕፃናቱ ጋር ነው የምትተኛው፤ አንቺ አብረሽኝ ትሄጃለሽ ብያታለሁ።»

«እሺ።»

«እንደ ድመት ነው የምትተኛው በያቸው።»

ፊልሳን ዞራ አየቻት። «ታውቂያለሽ ማለት ነው።»

«ቁስሉ ሲድን ቀዳዳዎቹ ሊጠቡ ይችላሉ ብሎኝ ነበር። ማንኮራፋት ከጀመርሽ ቶሎ ነይ ብሎኝ ነበር።» ሂባቅ በጫማዋ አፈሩን ቆረቆረች። «ብሄድ ምን ያደርጋሉ? ድልድዩን ይፈቱታል። ከዚያ ተመልሼ ፋሩር ልሆን ነው?»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ለማን እንደተናገረችው ገባት። «ማለቴ...»

«ገብቶኛል» አለች ፊልሳን። «ምን አለበት፣ እኔ አለሁ። እንካፈለዋለን።»

«ሙድ አትያዥብኝ። ቢያንስ ሐሙስ ይለፍ።»

«ሐሙስ ካለፈ ትነግሪያቸዋለሽ?»

ሂባቅ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። አልነግርም ማለቷ ነው።

«ልትሞቺ ትችያለሽ እኮ።»

«በእንቅልፍ የሞተ ራዲዮ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ሂባቅ ለመሳቅ ሞከረች፤ ፊልሳን አልሳቀችም። ያን ጊዜ የሂባቅ ፊት ተለወጠ። «አንቺማ ደስ ይልሻል።»

ፊልሳን ወደ ሱቁ የተዘጋ በር ዞረች። እውነት ነበር።

«ዓመት ሙሉ አይቼሻለሁ» አለች ሂባቅ። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር፤ እያንዳንዱ ፊደል በቦታው። «ስናገር ፊትሽ እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ። ብትነግሪያቸው በቅናት ነው። ወላሂ፣ ለሁሉም ነው የምናገረው። ፋሩር ቀንታ አስፈታችብኝ ነው የምለው።»

ባጃጁ መጣ። ፊልሳን ገባችና ስትርቅ ዞራ አላየችም።

እስከ ረቡዕ ነገሩን ስታመነዥክ ሰነበተች። ብትዋሽ ጥሩ ጓደኛ ትባላለች፤ ሂባቅ ታቅፋታለች፣ ዋንጫው ይመጣል፣ ግጥሙም ይሰማል። ብትናገር ቀናተኛ ትባላለች፤ የሚሏትም ሰዎች አልተሳሳቱም። ትክክለኛው ነገርና ቅናት የሚመኘው ነገር አንድ ሲሆን ሰው ምን ያደርጋል? ስለዚህ አንድ መላ ፈጠረች። መጀመሪያ ቅናቱን ላስወጣ፣ ከዚያ በንጹሕ ልብ እናገራለሁ አለች። ስለ ሂባቅ ጥሩ ጥሩውን ለማሰብ ሞከረች፤ ሆስፒታል ውስጥ አንድ አልጋ ተጋርተው የበሉትን ብስኩት፣ አንድ ሆነው የደበደቡትን የሰፈር ልጅ። ሠራላት። ከዚያ ማክሰኞ በልምምድ ላይ ሂባቅ «በርበራ» ስትል ቅናቱ ከነጓዙ ተመልሶ መጣ። ሂባቅ ግጥሙን ጨርሳ፣ ፊልሳንን ሳታያት አልፋ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተኛች።

ረቡዕ ክሊኒኩ ሞልቶ ነበር። ሰዓዶ ትንሹን ልጇን አዝላ ተራ ስትይዝ ሂባቅና ፊልሳን ጎን ለጎን ተቀመጡ። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ዶክተር ኢድሪስ አልነበረም፤ ቀዶ ጥገና ላይ ነው ተባለ። በእሱ ቦታ ከቦራማ የመጣች ወጣት ሐኪም ተቀምጣለች። ለእነሱ አዲስ ናት።

ሐኪሟ የሂባቅን ጉሮሮ በባትሪ አየች፤ «አ» በይ፣ «ካ» በይ አለቻት። «በጣም ቆንጆ ንግግር! ዶክተር ኢድሪስ ሲሰማ ይኮራል። አሁን ስለ እንቅልፍ። አብሯት የሚተኛ ማነው?»

«እኔስ ከትንንሾቹ ጋር ነኝ ሆዮ» አለች ሰዓዶ። «ይቺን ጠይቂያት፤ ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ አብረው ነው የሚተኙት።» ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ባትሪውን አይቶ ቤቱን በለቅሶ አናወጠው። ሰዓዶ እሹሩሩ እያለች ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ሐኪሟ ወደ ፊልሳን ዞረች። «እሺ የኔ ቆንጆ። ስትተኛ ታንኮራፋለች? ትንፋሿ ቁርጥ ሲል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ከጠረጴዛው ሥር የሂባቅ ጉልበት ጉልበቷን ተጫነው። ፊልሳን ወደ ውስጧ ተመለከተች፤ ቅናቱ ሄዷል ወይ? አልሄደም። እግሩን አጣጥፎ ቁጭ ብሏል። እስኪሄድ ብትጠብቀው ሂባቅ እስከዚያ ስንቴ ልትተኛ ነው?

«አዎ» አለች። «ታንኮራፋለች። ከዚያ ትንፋሿ ይቆማል። ከንፈሯ ይገረጣል።»

በጥድፊያ ስለተናገረችው ግማሹ በአፍንጫዋ ወጣ። ሐኪሟ ግንባሯን ቋጠረች፤ ጨዋ ስለሆነች ወዲያው ፈታችው። «ይቅርታ፣ አልሰማሁሽም። ምን አለች?» ብላ ወደ ሂባቅ ዞረች።

ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ፊልሳንን የማያውቃት ሁሉ ወደ ሂባቅ ይዞራል፤ ሂባቅም ትነግረዋለች። በሱቅም፣ በባጃጅም፣ በስልክም።

«ደህና ነው የምትተኛው ነው ያለችው» አለች ሂባቅ፣ በዚያ በጠራ ድምፅዋ። «እንደ ድመት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሐኪሟና እስክሪብቶዋን አነሳች።

ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ነገር ቦታውን ያዘ። ፊልሳን እውነቱን ተናግራለች፤ ያልተሰማው በእሷ ጥፋት አይደለም። ሂባቅ ድምፅዋን ይዛ ትወጣለች። ነገ አዳራሹ ይሞላል። ፋሩር ቀናች የሚል አንድም ሰው አይኖርም። ከዚህ የተሻለ መውጫ ማንም አይሰጣትም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። የሂባቅ ጉልበት ከጉልበቷ ላይ ተነሳ።

ሐኪሟ መጻፍ ጀመረች።

ፊልሳን ወንበሯን ጎተተችው። እግሩ ሲሚንቶው ላይ ሲጮህ ሐኪሟ ቀና አለች።

«ዶክተር» አለች ፊልሳን። «እንደዚያ አላልኩም። እርስዎ አልገባዎትም፤ እሷ ገብቷታል። ቀስ ብዬ ልበልዎት። ካልገባዎት እንደገና እላለሁ።»

ሂባቅ «ፊልሳን» አለች፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በዚህ ጊዜ ወደ ሂባቅ አልዞረችም። በክርኗ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ የፊልሳንን ከንፈር መመልከት ጀመረች፤ ፊልሳንም እጇን ጉልበቷ ላይ ጭና፣ አየር ወደ ውስጥ ስባ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀመረች።